ጃዝ ጊታር በሐዋሳ፦ ከመምህር ወይስ በጆሮ?

ወጪ፦ መምህር በየወሩ ይከፈለዋል፤ ሙዚቃ እየሰማ በጆሮ ለሚማር ስልክና ማዳመጫ ይበቃዋል።

ቅለት፦ መምህር የተበላሸ የጣት አቀማመጥን ወዲያው ያርማል። በጆሮ ሲሆን ግን አራት ድምፅ ለመያዝ ምሽቱ ሊያልቅ ይችላል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ አንዲት አጭር ሐረግ ሃያ ጊዜ ደጋግሜያለሁ፤ እስከ ዛሬ ከጣቴ አልጠፋችም።

ስሜትን መግለጽ፦ እዚህ ላይ ለጆሮ አደላለሁ። አሜሪካዊው የጃዝ ጊታሪስት ዌስ ሞንትጎመሪ ኖታ ሳያነብ፣ ከሱ በፊት የነበረውን የጃዝ ጊታሪስት የቻርሊ ክርስቲያንን ሸክላ እየሰማ ነው የተማረው። ትዝታ ሲሰማ ያደገ ሰው አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች ይዞ ይመጣል፤ የሚቸግረው ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) ሲቀየር የትኛው ድምፅ ላይ ማረፍ እንዳለበት ነው። ይህን መምህር በአንድ ሰዓት ያሳያል።

ጊታር ይዞ ለማያውቅ መምህር ይሻላል። በሆቴል ባንድ ለሚጫወት ግን ጆሮው ይቅደም፤ ኮርድ ሲያደናግረው መምህር ይፈልግ።