ለሜታል የሚሆን አምፕ ሄድ በአነስተኛ በጀት፦ አራት ምርጫዎች በንጽጽር

ለሜታል የሚሆን አምፕ ሄድ (ካቢኔት ከተባለው የስፒከር ሣጥን ተለይቶ የሚሸጥ የጊታር ማጉያ) የሚፈልግ ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጌይኑን፣ ማለትም ድምፁን የሚያሻክረውን ግፊት፣ መጠን ነው። ሆኖም ዛሬ ርካሽ የሚባሉት ሄዶች እንኳ ከበቂ በላይ ጌይን ስላላቸው ይህ ጥያቄ ለምርጫ ብዙም አይጠቅምም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው ወፍራሞቹን ክሮች በመዳፍ ዳር አፍኖ በፍጥነት ሲመቱ፣ በተለይም ከበሮና ቤዝ አብረው ሲጫወቱ ነው፤ ጥሩ አምፕ እያንዳንዱን ምት ለይቶ ሲያሰማ፣ ደካማው ምቶቹን አደባልቆ ጉርምርምታ ያደርጋቸዋል። እዚህ የቀረቡት አራት ሄዶች የተመዘኑትም በዋናነት በዚህ ነው።

በቅድሚያ መነሳት ያለበት ያገለገለ ፒቪ 6505 ነው። ይህ አምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከታዋቂው የሮክ ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለን ጋር በመተባበር 5150 በሚል ስም ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ጊታሪስቱ ከኩባንያው ጋር ሲለያይ ግን ስሙ ወደ 6505 ተቀይሯል። 6ኤል6 በተባሉ አራት ቲዩቦች (ድምፁን በሚያጎሉ የመስታወት ቱቦዎች) 120 ዋት የሚያወጣ በመሆኑ ከየትኛውም ከበሮ መቺ ጋር መፎካከር አያቅተውም፤ ሬዞናንስ የተባለው ማዞሪያው ደግሞ የታችኛውን ድምፅ ክብደት እንደ ካቢኔቱ ጠባይ ለማስተካከል ያስችላል። ለዘመናዊ ሜታል ድምፅ እንደ መለኪያ ከሚታዩት አምፖች አንዱ ሲሆን፣ ይህንንም ስም በሥራው ያገኘው ነው። ጉድለቶቹም ግልጽ ናቸው፤ ሁለቱ ቻነሎች (የንጹሕና የሻካራ ድምፅ መንገዶች) አንድ ኢኳላይዘር፣ ማለትም የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ፣ ይጋራሉ (6505 ፕላስ በተባለው ሞዴል ግን ለየብቻ ነው)፣ ጌይኑ ከፍ ሲል ሹሹታው ስለሚበዛ ኖይዝ ጌት (መጫወት ሲቆም ሹሹታውን የሚዘጋ መሣሪያ) ያስፈልገዋል፣ ክብደቱም ከ20 ኪሎ በላይ ነው።

ያገለገለ 6505 ሲገዙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሄዱን ከካቢኔት ጋር አገናኝተው ጥቂት ደቂቃዎች ይጫወቱበት፤ ከዚያም በኋላ በኩል አሻግረው ትልልቆቹን ቲዩቦች ይመልከቱ። በቲዩቡ መሐል ብርቱካናማ ብርሃን መታየቱ የተለመደ ነው፤ በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ብረት ራሱ ግሎ ከቀላ ግን ቲዩቡ ወይም የሚቆጣጠረው ክፍል ችግር አለበት ማለት ስለሆነ፣ ወይ ዋጋውን በጥገናው ልክ ያስቀንሱ፣ ወይ ይተዉት። ቲዩቦች የሚያልቁ ዕቃዎች በመሆናቸው፣ ሻጩ መቼ እንደተቀየሩ ካላወቀ የአራት አዳዲስ ቲዩቦችን ዋጋ ከበጀትዎ አስቀድመው ይቀንሱ። የቲዩብ አምፕን ያለ ካቢኔት አብርቶ መጫወት ውድ የሆነውን የአውትፑት ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ስለሚችል፣ «ካቢኔት የለኝም፣ ግን ይሠራል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም መጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው ኦሬንጅ ሱፐር ክራሽ 100 ነው። ቲዩብ የሌለው፣ በትራንዚስተር የሚሠራ 100 ዋት ሄድ ነው። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ብዙ ጊታሪስቶች ትራንዚስተር ሲባል ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ነገር ግን የሜታል ባንዱ የፓንቴራ ጊታሪስት ዳይምባግ ዳሬል ያንን ስለት የመሰለ ድምፁን ያወጣው በራንዳል የትራንዚስተር አምፖች ነበር። ሱፐር ክራሹ የታችኛውን ድምፅ አጥብቆ ይይዛል፣ ንጹሑ ቻነል ከ6505 የተሻለ ነው፣ ቲዩብ ግዛልኝም አይልም። ከኋላው ያለው የኤክስኤልአር (የማይክ ገመድ ዓይነት) መውጫ የካቢኔት ድምፅ አስመስሎ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ስለሚልክ ማይክ በማይገኝበት መድረክ እጅግ ይጠቅማል። የድምፁ ጠባይ ስቶነርና ዱም ወደተባሉት ዘገምተኛና ከባድ የሜታል ዓይነቶች ያጋድላል፤ እንደ 6505 ያለ ሹል ጥቃት ለሚፈልግ ግን ከፊቱ ፔዳል (በእግር የሚከፈት ትንሽ የድምፅ መለወጫ) ይጠይቃል። በጀቱ የተወሰነና በየሳምንቱ ከባንድ ጋር የሚለማመድ ሰው ቢያማክረኝ ያለማመንታት የምመክረው ይህንን ነው።

ቦስ ካታና ሄድ በዋናነት ቤት ውስጥ ለሚጫወት ይስማማል። ኃይሉን ከ100 ዋት ወደ 50፣ ከዚያም ወደ 0.5 ዋት ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ጎረቤት ሳይረብሹ ሙሉ ዲስቶርሽን (የሜታል ሻካራ ድምፅ) ይገኛል፤ ውስጡ ትንሽ ስፒከር ስላለውም ያለ ካቢኔት መለማመድ ይቻላል። ብራውን የተባለው ድምፁ ለሜታል ይበቃል፤ ከባንድ ጋር ሲሆን ግን ከሱፐር ክራሹ ይልቅ ይሳሳል። ኦሬንጅ ማይክሮ ዳርክ ደግሞ በአንድ እጅ የሚያዝ ባለ 20 ዋት ሄድ ሲሆን፣ አንድ ቻነልና ሦስት ማዞሪያዎች ብቻ አሉት። በሄድፎን ለመለማመድ ጥሩ ነው፤ ኃይለኛ ከበሮ መቺ ባለበት ግን ንጹሕ ድምፁ ቶሎ ይሰበራል።

የትኛውንም ሄድ ቢመርጡ ገንዘቡን በሙሉ በእርሱ ላይ አይጨርሱ። ከአምፑ በፊት ቲዩብ ስክሪመር (የታወቀ የማሻከሪያ ፔዳል) ዓይነት ፔዳል አስገብተው ድራይቩን (የማሻከሪያውን ማዞሪያ) ዜሮ፣ ሌቭሉን (የድምፅ መጠኑን) ከፍ ቢያደርጉት የታችኛውን ብዥታ ቆርጦ ምቱን ያጠራል፤ በሱፐር ክራሽና በማይክሮ ዳርክ ላይ ያለው ለውጥ ከአንድ ደረጃ ውድ ወደሆነ አምፕ ከመሸጋገር ይበልጣል። ካቢኔቱም ከሄዱ ያላነሰ ድምፁን ይወስናል። በርካሽ ስፒከር ላይ የተሰካ 6505 በጥሩ 2×12 (ባለ ሁለት የ12 ኢንች ስፒከር) ካቢኔት ላይ በተሰካ ሱፐር ክራሽ ሊበለጥ ይችላል። የሄዱንና የካቢኔቱን የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ልክም ማዛመድ ግዴታ ነው፤ በትራንዚስተር ሄድ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም በታች የሆነ ካቢኔት ፈጽሞ አይሰኩ።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለሚያስልኩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ወጪ አለ። በአሜሪካ የተሸጠ ሄድ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ፣ ሲከፋም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ከሄዱ ጀርባ ከተጻፈው የኃይል ፍጆታ በእጅጉ የሚበልጥ ዋት ያለው የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር መግዛት ያስፈልጋል፤ ለ6505 የሚበቃው ደግሞ ከባድም ውድም ነው። ማይክሮ ዳርክ በውጭ አዳፕተር ስለሚሠራ፣ አዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። አውሮፓ ውስጥ ለ230 ቮልት የተሸጠ ሄድ ከተገኘ ግን ከአሜሪካው በጥቂቱ ቢወደድም ከትራንስፎርመሩ ወጪ ስለሚገላግል መጨረሻ ላይ የሚረክሰው እርሱ ነው።