አቻምና ከቱሉ ዲምቱ የገዛኋቸው የወይን ችግኞች

ቱሉ ዲምቱን አልፎ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ መሸጫዎች አንዱ ነው። ዙሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ አቮካዶና ፓፓያ የተደረደረበት። የተዳቀለ ወይን (በሌላ ወይን ሥር ላይ የተጋጠመ ማለት ነው) እንዳላቸው ጎረቤቴ ነገረችኝና አቻምና ሰኔ ላይ ሄጄ ስምንት ገዛሁ። ሁለቱን እዚሁ ግቢዬ ተከልኩ፣ ስድስቱን መተሐራ ላለችው እህቴ ወሰድኩላት። አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው። ያየሁትን ልጻፍ፣ በተለይ መሬቱ ደረቅና ጨዋማ ለሆነበት ሰው።

እህቴ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክራለች። ከሰው ጓሮ ግንድ ቆርጣ መሬት ውስጥ ትሰካለች፣ ይጸድቃል፣ አንድ ሰሞን ያምራል። በጋው ሲገፋ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ እሳት የላሰው ይመስል ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ውሃ አነሰው ብላ ታጠጣዋለች፣ ይብስበታል። የመተሐራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የበሰቃ ሐይቅ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ ውሃውም ጨዋማ ነው። እህቴ ጓሮ በጋ ላይ አፈሩ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ባሏ ከዚያ ነጭ ነገር ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ነካና «ጨው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል» አለኝ።

ጨው የበዛበት አፈር እርጥብ ሆኖም ተክሉን ያስጠማዋል፣ ሥሩ ውሃውን ለመሳብ ይቸገራላ። በዚያ ላይ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከውሃው ጋር ሽቅብ ወጥቶ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ይጠራቀምና ያቃጥለዋል። ወይን ደግሞ ጨው ላይ ጎበዝ አይደለም። የአፈሩ ጨዋማነት ሲለካ 1.5 ዴሲሲመንስ በሜትር ካለፈ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል።

ይህን ችግኝ መሸጫ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። የሚያዳቅሉት አባት ስለ ወይኑ ጣፋጭነት አንድም ቃል ሳይናገሩ «የት ነው የምትተክይው ልጄ?» አሉኝ። መተሐራ ስላቸው ፊት ለፊት የነበሩትን ትተው ከኋላ፣ ከጥላው ሥር፣ ሌላ አመጡ። 1103 ፖልሰን የሚባል ሩትስቶክ ላይ የተዳቀለ ነው አሉ። ሩትስቶክ ማለት ሥር የሚሆነው የታችኛው ግንድ ነው፤ ከላይ የምንበላው ወይን፣ ከታች የአሜሪካ የዱር ወይን። ነገሩ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ጥቃቅን ነፍሳት የአውሮፓን ወይን ስትጨርስ፣ የአሜሪካኖቹ ሥር ስለሚቋቋማት። በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ሥር ድርቅንና ጨውንም እንደሚችል ታየ። ፖልሰን ሞቃትና ደረቅ ከሆነችው ከሲሲሊ የመጣ ነው። ሥሩ ጠልቆ ይወርዳል፣ ክሎራይዱንም አብዛኛውን ከታች ያስቀረዋል። አፈሩ ሲደርቅ ሥሩ ወደ ላይ በሆርሞን ምልክት ይልካል፣ ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ውሃ ይቆጥባል፤ ይህን ሁሉም ወይን ያደርገዋል፣ መጠንና ፍጥነቱ ግን ከሥር ሥር ይለያያል። ሪፓሪያ የሚባለው ሌላው ሩትስቶክ ለምሳሌ ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ደረቅ ቦታ ላይ ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ «የተዳቀለ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም፣ በምን ላይ ብላችሁ ጠይቁ።

አባትየው አንዱን ከከረጢቱ አውጥተው ሥሩን ባልዲ ውስጥ አጠቡልኝ። ከዚያ መጋጠሚያው ላይ አውራ ጣታቸውን አድርገው ቀስ ብለው ገፉት። ከተላቀቀ ወይም ስንጥቅ ከታየ አልያዘም ማለት ነው። ያ አልተነቃነቀም፣ ዙሪያውን እኩል አብጦ ገጥሟል። እኔ ሞኝ ሆኜ የቀሩትን ሳልገፋ ጫንኩ።

መተሐራ ከስድስቱ አምስቱ ደህና ናቸው። ባለፈው ሚያዝያ፣ ሙቀቱ በበረታበት፣ ሁለቱ ላይ የታችኛው ቅጠል ጠርዝ ትንሽ ቡናማ ሆነ፣ እዚያው ቆመ። አጥሩ ጥግ የቀረው አሮጌው ወይን በዚያው ወር እስከ ጫፉ ተቃጥሎ ነበር። ልዩነቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስድስተኛው ግን አልያዘም ኖሯል። ላዩ ደረቀ፣ ከታች አዲስ ቡቃያ ወጣና ደስ አለን፤ ለካ የሥሩ የራሱ ነው። ቅጠሉ አነስ ያለ፣ ወደ ክብነት የሚያደላ፣ የሚያብረቀርቅ ሲሆን ጠርጥሩ። ጤነኛው ላይም ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣውን ወዲያው ቁረጡት።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮች አሉ። ሦስቱ ላይ ስም የተጻፈበት ምልክት አልነበረም። ሁለቱ ከረጢት ውስጥ መጋጠሚያው በአፈር ተቀብሯል፤ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ወይን የራሱን ሥር ያወጣና የከፈላችሁበት ሥር ዋጋ ያጣል። ሲተከል ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። የሚጭንልኝ ልጅም «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጠጪው» አለኝ። ጨዋማ መሬት ላይ ይህ ምክር ይጎዳል፣ ጨዉን ሥሩ አካባቢ ያከማቸዋል። እህቴ አሁን ተክሎቹ ጠንከር ካሉ ወዲህ በሳምንት አንዴ እስኪጠልቅ ታጠጣለች፣ ሥሩን በገለባ ትሸፍናለች። የደረቀውንስ? ፎቶውን ሳሳያቸው ያለ ክርክር ሌላ ሰጡኝ። ይህን አመሰግናለሁ።

የእኔ ግቢ ሁለቱ ሌላ ታሪክ ናቸው። እዚህ አፈሩ ዋልካ ነው፣ ችግሩ የሚመጣው በክረምት ነው፣ ውሃ ይተኛበታል። አንዱ ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆነብኝ፣ ነቅዬ ከፍ ባለ መደብ ላይ ስተክለው ተመለሰ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሻጋታ ቅጠሉን ያዘው። ለዚህ የፖልሰን ሥር ምንም አልፈየደልኝም። ዋጋው ካልተዳቀለው እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ግቢ ብቻ ከሆነ እኔ ያን ያህል አልከፍልም። መተሐራን ለመሰለ መሬት ግን እጥፉን ደግሜ እከፍላለሁ።

ለመጪው ሰኔ አሥር አዝዣለሁ፣ እያንዳንዱ ላይ ስሙ ታስሮበት ይምጣ ብያለሁ። የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ አባትየው ከሰዓት በኋላ አይገኙም።