ዱዋልሴንስ ወይስ የድሮው የፒኤስ4 ጆይስቲክ፦ ለንዝረት ስንት ብር ይከፈላል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ የፕሌይስቴሽን (ፒኤስ) ጆይስቲክ ሊገዛ የተነሣ ሰው የሚጠይቀው ያው ነው፦ «የፒኤስ5ቱ ጆይስቲክ፣ የዱዋልሴንስ ንዝረት ይለያል ይላሉ፤ ልጨምርና እሱን ልውሰድ?» ዋና ጨዋታህ ኳስ ከሆነ አትጨምር። ያገለገለ ግን ኦሪጅናል ዱዋልሾክ 4፣ ማለትም የፒኤስ4ን ጆይስቲክ ውሰድና የተረፈህን ብር ለአናሎጉ፣ በአውራ ጣት ለሚገፋው ዘንግ ጥገና አስቀምጠው። ቤትህ ያለው ፒኤስ5 ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ እሱንም እናየዋለን።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ዱዋልሴንስ አሜሪካ ውስጥ በ75 ዶላር ይሸጣል። አንዱን ዶላር በ150 ብር ብናስበው 11,250 ብር ነው፤ የአውሮፕላኑ፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። አናሎጉ እየተነቀለ የሚቀየረው ዱዋልሴንስ ኤጅ ደግሞ 200 ዶላር ነው፤ በዚሁ ስሌት 30,000 ብር። ስለዚህ «አዲስ፣ ኦሪጅናል፣ 3,000 ብር» ያለህ ሰው ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ዕቃው ነው የሚዋሸው። ዱዋልሾክ 4 በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 60 ዶላር ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው ያገለገለ ነውና የአዲሱን ዱዋልሴንስ ግማሽ ከጠየቁህ ጥለኸው ሂድ።

ንዝረቱ በእርግጥ ይለያያል። ዱዋልሾክ 4 ሁለት ሞተር አለው፤ በአንዱ እጀታ ከባድ፣ በሌላው ቀለል ያለ። ጫፋቸው ላይ ሚዛኑን የሳተ ብረት አለ፤ ሞተሩ ሲዞር ጆይስቲኩን ያንገጫግጨዋል። ሞተር ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ ስለሚፈልግ «ብርርር» ከማለት ሌላ ቋንቋ የለውም። ዱዋልሴንስ ግን በሚዞር ሞተር ፋንታ እንደ ስፒከር ጥቅል ሽቦና ማግኔት ነው የያዘው። የሚላክለትም ድምፅ መሰል ምልክት ስለሆነ አጭር «ጠቅ» ማለት ይችላል፣ ከግራ እጅ ወደ ቀኝ ይሸጋገራል። ከፒኤስ5 ጋር አብሮ በሚመጣው አስትሮስ ፕሌይሩም ላይ የዝናቡ ጠብታ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። የመኪና ውድድሩ ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ፍሬን ስትይዝ ኤል2፣ በጠቋሚ ጣት የሚሳበው የግራ ትሪገር፣ ከጣትህ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ንዝረቱ መረጃ ነው፣ መቼ ማላላት እንዳለብህ ይነግርሃል። ሪተርናል በሚባለው የተኩስ ጨዋታ ላይ ኤል2 እስከ ግማሽ ሲጫን ማነጣጠር፣ እስከ ታች ሲጫን ሌላ ተኩስ ነው። መኪና የምትነዳ ወይም ብቻህን ተቀምጠህ የታሪክ ጨዋታ የምትጨርስ ከሆነ ብርህ በከንቱ አይሄድም።

ኳስ ላይስ? አር2፣ የቀኙ ትሪገር፣ ሩጫ ነው፤ ወይ ተይዟል ወይ ተለቋል። ፊፋ 21 በፒኤስ5 ሲመጣ ተጫዋቹ በደከመ ቁጥር አር2 እንዲጠነክር ተደረገ። ድካሙ ግን ስክሪኑ ላይ በመስመር ይታያል፤ ጣትህ አብሮ መድከሙ ምን ሊጨምርልህ? ፓስ በኤክስ፣ ሹት በክብ ነው፤ በእነዚህ ላይ ምንም የረቀቀ ነገር የለም። ፒኤስ3 በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ጭራሽ ንዝረት በሌለው ጆይስቲክ ነበር፤ ሰው ግን ኳሱን አልተወም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም አለ። ዱዋልሴንስ ከፒኤስ4 ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ፒኤስ5 ላይም ቢሆን የፒኤስ4 ጨዋታ ከከፈትክ የሚሰጥህ ያንኑ የድሮ ንዝረት ነው። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በብሉቱዝ ሲሆን ረቂቁ ንዝረት በአብዛኛው አይመጣም፤ በኬብል መሰካት አለበት፣ ጨዋታውም የሚደግፈው መሆን አለበት። ፒኤስ4 ያለው ሰው ዱዋልሴንስ ሲገዛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በተቃራኒው ዱዋልሾክ 4 ፒኤስ5 ላይ የሚሠራው ለፒኤስ4 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የፒኤስ5 ባለቤት ምርጫ የለውም። እሱ ዱዋልሴንሱን ይያዝና ሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሰሪስ፣ ከዚያ ኮንትሮለርስ ገብቶ የትሪገሩን ኃይል ያጥፋው፣ ንዝረቱን ወደ ደካማው ያውርደው። ባትሪውም ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ካቻቢቴው። ዱዋልሾክ 4ን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ጥገናው ነው። ከጀርባ አራት ብሎን ፈትተህ ትከፍተዋለህ። ቶሎ የሚላላው የቻርጅ ቀዳዳ ለብቻው ትንሽ ቦርድ ላይ ስለተቀመጠ ያለ መበየጃ ካውያ ይቀየራል። ግን ዕቃውን ከመርካቶ ከማስላክህ በፊት የፍላት ኬብሉን፣ ያን ቦርድ ከዋናው የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ሽቦ፣ መስመር ቁጠር፤ ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 14 አለ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳር ከ500 ያልፋል። የ200 ብር ዕቃ ተሳስቶ አባይን ሁለት ጊዜ ከተሻገረ የላኪው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። ቁልፎቹ አልሠራ ካሉ ወይም ራሳቸው መጫን ከጀመሩ ቦርዱ አልሞተም። የቁልፎቹን ቀጭን ፕላስቲክ ፊልም ቦርዱ ላይ የሚጫነው ስፖንጅ ሟሽሾ ነው። ፊልሙን በአልኮል አጽዳ፣ ከስፖንጁ ሥር የታጠፈ ወረቀት አድርግ፣ ግጠመው።

ዱዋልሴንስም አራት ብሎን ነው ያለው፤ ግን የፊቱ ጌጥ መጀመሪያ ይነሣል፣ ኤል1 እና አር1 የሚባሉት ከትሪገሮቹ በላይ ያሉ ቁልፎች በጥንቃቄ ይነቀላሉ፣ ሁለቱ ብሎኖች እነሱ ሥር ናቸው። ትሪገሩ ውስጥ ሞተር፣ ጥርስና ሞላ አለ። አዘውትሮ የሚሰበረው ሞላው ነው፤ ሲሰበር ትሪገሩ ልፍስፍስ ይላል። ሞላው ርካሽ ነው፣ ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለእጅ ዋጋ በደንብ ትከፍላለህ።

አናሎግ ግን የሁለቱም በሽታ ነው። ጣት ሳይነካው ተጫዋቹ የሚሄደው ውስጡ ያለው የካርቦን መስመር በመፋቅ ስላለቀ ነው፤ አልኮል የሚረዳው አቧራ ብቻ ከሆነ ነው፣ ያለቀ ካርቦን አይመልስም። መቀየር ማለት ለአንዱ አናሎግ 14 የብየዳ ነጥብ ማንሣት ነው። ፍላክስ፣ ማለትም ብየዳው በቀላሉ እንዲቀልጥ የሚቀባውን፣ የማይጠቀም፣ ካውያውን አግሎ የሚጎትት ባለሙያ የቦርዱን መዳብ ይልጠዋል፤ ያኔ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሲቀየር ሆል ኢፌክት የሚባለውን አናሎግ አስገባ፤ በማግኔት ስለሚሠራ የሚፋቅ ካርቦን የለውም። ከተቀየረ በኋላ ጆይስቲኩ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ተገናኝቶ በክሮም በሚከፈት የማስተካከያ ገጽ መሐሉ ካልተስተካከለ፣ አዲሱም ራሱ ይሸሻል። «ጨርሻለሁ፣ ውሰድ» ከማለቱ በፊት ይህን አሳየኝ በለው።

ኮፒውን ከነጭራሹ አልመክርም፤ ሳጥኑ ከኦሪጅናሉ ቢያምርም። ሚዛን ያለው ቅመም ሻጭ አይጠፋምና አስመዝነው፦ ዱዋልሾክ 4 210 ግራም፣ ዱዋልሴንስ 280 ግራም ግድም ነው። ኮፒው ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ባትሪውና ሞተሩ ትናንሽ ናቸውና። የዱዋልሴንስ ኮፒ አብዛኛው ልብሱ ብቻ ነው፤ ውስጡ የድሮ ሞተር ነው፣ ትሪገሩ አይጠነክርም፣ የፒኤስ5 ጨዋታም ብዙዎቹን አይቀበልም። ኮፒው ሲበላሽ የኦሪጅናሉ ዕቃ ስለማይገጥመው ሁለተኛ መግዛት ነው።

ሱቅ ውስጥ ብር ከማውጣትህ በፊት ላፕቶፕ ላይ ይሰካ፣ የጌምፓድ መሞከሪያ ገጽ ይከፈት። አናሎጉን ሦስት ጊዜ እስከ ጠርዝ አዙረህ ልቀቀው። ገጹ ላይ የሚታየው የአናሎጉ ቁጥር ከ0 አጠገብ ካረፈ ደህና ነው፤ ከ0.10 በላይ ላይ ከቀረ የአናሎግና የብየዳ ዋጋ ከጠየቀህ ላይ ይቀነስ። «ሶፍትዌር ነው፣ አፕዴት ስታደርገው ይስተካከላል» ካለህ ጆይስቲኩን መልስለት።