ስሜን ተራራ፦ በጥር ይሻላል ወይስ በነሐሴ?

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወጥቶ ስሜን ላይ ለማደር ያሰበ ሁሉ ይህን ይጠይቃል።

ብርዱ፦ የጥር ብርድ ደረቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ከፍታው ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ትክሳለች። በነሐሴ ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዝ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ችግሩ፣ አንዴ የራሰ ልብስ አይደርቅም። ለእኔ ይሄኛው ይብሳል። (በ1975 ዓ.ም. አንታርክቲካ ውስጥ ቮስቶክ ጣቢያ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተመዝግቧል። የኛማ ጨዋታ ነው።)

ወጪ፦ በጥምቀት ሰሞን የጎንደር አልጋ ይወደዳል። ነሐሴ ይቀላል።

መንገድ፦ ጥር ደረቅ፤ ነሐሴ ጭቃና ጉም።

ደህና ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ ሩቅ ማየት የፈለገ በጥር ይውጣ። የዝናብ ልብስ ያለው፣ አረንጓዴና ሙሉ ፏፏቴ የናፈቀው በነሐሴ።