ሐዋሳ ላይ ለልጆች ቡድን ማሊያ ማሳተም፦ ስፖንሰሩን የሚያቆየው የትኛው ህትመት ነው?

የሰፈር ልጆች ቡድን ለስፖንሰር የሚሸጠው ነገር ቢኖር ደረት ላይ ያለችውን ቦታ ነው። ጨዋታው በቴሌቪዥን አይተላለፍ፣ ትኬት አይሸጥ። ፋርማሲው ወይም ካፌው የከፈለበት ስም በሦስተኛው እጥበት ከተላጠ በሚቀጥለው ዓመት ያንን በር ማንኳኳት ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ሐዋሳ ላይ ለቡድኖች የሚቀርቡትን የማሊያ ህትመት ዓይነቶች ነው፤ መለኪያችንም ስፖንሰሩ ዘንድሮ ከፍሎ ለከርሞ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። የሱቅ ስም አንጠራም። አንዱ ቤት ያለው ማሽን ጎረቤቱም ጋ አለ፤ ልዩነቱ የሠራተኛው ጥንቃቄና የእናንተ ጥያቄ ነው። ዋጋም አንጽፍም፤ ማሊያውም ቀለሙም ቶሎ ቶሎ ይጨምራል።

አብዛኛው ቤት መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ ተለጣፊውን ቪኒል፣ ማለትም ሙጫ ያለውን ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው። ፊደሉና ቁጥሩ በማሽን ይቆረጥና ሂት ፕሬስ በሚባለው በሙቀት በሚጫን ማሽን ማሊያው ላይ ይተኮሳል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ለአንድ ማሊያም ይሠራላችኋል። የተለመደው ቪኒል ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድና ጠንካራ ጫና ይፈልጋል። የሚላጠው ወይ ማሽኑ በቅጡ ሳይሞቅ ሥራ ስለተጀመረ፣ ወይ ማሊያው ስፌቱ ላይ ተነጥፎ ጫናው እኩል ስላልደረሰ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን የተሠራ ትዕዛዝ ውስጥ አንዳንዱ ማሊያ ከሌላው ቀድሞ የሚላጠውም ለዚህ ነው፤ የማሽኑ የሚሞቀው ሳህን ቀዝቅዞ ሳለ ሰዓት ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። ቀጭን ጭረት ያለው ፊደል ደግሞ ሲቆረጥም ይበጠሳል፣ ሲታጠብም መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

ቀይ ማሊያ የሚወድ ቡድን ሌላም ጣጣ ይጠብቀዋል። ፖሊስተሩ፣ ማለትም ሰው ሠራሹ የማሊያ ጨርቅ፣ የተነከረበት ቀለም ሙቀት ሲያገኘው ይተንና ወደ ነጩ አርማ ይሰርጋል። ሱቅ ውስጥ በረዶ የመሰለው የካፌው ስም ቆይቶ ሮዝ ይሆናል። መፍትሔው በዝቅተኛ ሙቀት የሚለጠፍ ወይም ቀለም የሚያግድ ቪኒል ነው፤ «አለን» ካሏችሁ ቁራጩን አሳዩን በሏቸው። በእኛ ግምት ቪኒል ለጀርባ ቁጥር ጥሩ ነው። ለስፖንሰር አርማ ግን አንመክረውም።

ሰብሊሜሽን የተለየ ነገር ነው። ቀለሙ ወረቀት ላይ ይታተምና በ200 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ደቂቃ ገደማ ሲተኮስ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ክሩ ውስጥ ይገባል። ብትዳስሱት እጃችሁ ላይ ምንም አይሰማችሁም፤ አይላጥም፣ አይሰነጠቅም፣ እናቶች በሳሙና ቢያሹትም ንቅንቅ አይልም። ገደቡ ግን ጥብቅ ነው። ነጭ ወይም ፈዛዛ ፖሊስተር ብቻ ይቀበላል፤ ጥቁር ማሊያ ላይ አይታይም፣ ጥጥ ላይ በውሃ ይሄዳል። «መቶ በመቶ ፖሊስተር ነው» የሚለውን ነጋዴ ለማረጋገጥ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ፦ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል፣ ጥጥ ግን እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል።

ተሰፍቶ ያለቀ ማሊያ ሙሉውን በሰብሊሜሽን ሲቀባ ብብቱና የጎን ስፌቱ ላይ ነጭ ሽንትር ይቀራል፤ ጨርቁ የታጠፈበት ቦታ ቀለም አይደርሰውምና። ሙሉ ንድፍ ከፈለጋችሁ ጨርቁ መጀመሪያ ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ከዚያ የሚሰፋበትን ቤት ፈልጉ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ሦስት ሳምንት ስጡት። ሃያና ከዚያ በላይ ማሊያ ለሚያሠራ፣ ስፖንሰሩንም ለሁለት ዓመት ላሰረ ቡድን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ማሊያው ከመርካቶ ተገዝቶ የመጣ ባለቀለም ከሆነና አርማው ብዙ ቀለም ካለው ዲቲኤፍ የሚባለውን የፊልም ህትመት ውሰዱ። ምስሉ ፊልም ላይ ከነነጭ መደቡ ይታተማል፣ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ይተኮሳል። ጥጥም ፖሊስተርም፣ ጥቁርም ነጭም ይቀበላል። ጥራቱን የሚያበላሸው ዱቄቱ በደንብ አለመቅለጡ ነው። ስትረከቡ አርማውን በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉት፤ ነጫጭ ስንጥቅ ካሳየ መልሱ። ስክሪን ፕሪንት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ስክሪን (ቀለሙ የሚያልፍበት ወንፊት) ስለሚዘጋጅለት ለሃያ ማሊያ ኪሳራ ነው፤ ባለአንድ ቀለም የደጋፊ ካናቴራ በብዛት ለማሳተም ግን ወደር የለውም።

ከማሽኑ ይልቅ ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ፋይሉ ነው። ባለሱቁ አርማውን የሚልክላችሁ የታፔላውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን ጨምቆ ያደበዝዛል። «ጋሼ፣ ታፔላውን የሠራልዎት ሰው ጋ ዋናው ፋይል አለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ከተገኘ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ያስልኩት። ካልተገኘ አስቀድማችሁ እንደገና አስስሉት፤ አርማውን እንደገና የማስሳያውን ዋጋም ከስፖንሰሩ ሂሳብ ውስጥ አስገቡ። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል ወይም በሌላ ፎንት ይተካል፤ ስለዚህ ፋይሉን የሚሠራው ሰው ጽሑፉን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ (አውትላይን) ለውጦ ይስጣችሁ። ከህትመት በፊት ናሙናውን ባለሱቁ አይቶ ይፈርምበት። ስሙ አንድ ፊደል ተሳስቶ ሃያ ጊዜ ከታተመ ማን ይከፍላል?

ልኩን በተመለከተ፣ ለልጅ ማሊያ ደረት ላይ ከ18 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል፤ ለአዋቂ የተዘጋጀው ልክ ሳይቀነስ ከታተመ ወደ ብብት ይገባል። ስልክ ቁጥር ማሊያ ላይ አታሳትሙ። የሚሮጥ ልጅ ደረት ላይ አሥር አኃዝ የሚያነብ የለም፤ ቦታው ባነር ነው። የበረኛውን ማሊያ አትርሱ፣ ቀለሙ የተለየ ስለሆነ ለብቻው ዋጋ ይጠየቅለታል። ሁለት ሦስት ቁጥር አልባ መለዋወጫም ከስፖንሰሩ አርማ ጋር አብሮ ይታተም፤ በኋላ ለአንድ ማሊያ ብቻ ስትመለሱ ዋጋው አይቀመስም።

አሁን ወደ ከፋዩ። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሐዋሳ ከተማንና የሲዳማ ቡናን የእግር ኳስ ክለቦች ደብዳቤ ለምደዋል፤ የእናንተ ወረቀት ጠረጴዛ ሥር ያድራል። የሚያዋጣው ልጆቹ የሚኖሩበት ሰፈር ያለው ነው፦ ፋርማሲ፣ የባጃጅ መለዋወጫ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር። ደንበኞቻቸው የተጫዋቾቹ ወላጆች ናቸውና። ወሬውን ለመጀመር ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ያነሳቸው የሊግ ዋንጫዎች አሁንም ይሠራሉ፤ ያኔ ወጣት የነበረ ነጋዴ ፊቱ ሲፈካ ታያላችሁ። ሐምሌ ላይ ግን አትሂዱ። አነስተኛው ነጋዴ ግብር ላይ ነው፤ ሆቴሎቹ ደግሞ ከሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ በፊት ባሉት ቀናት ለእናንተ ጆሮ የላቸውም፣ ታኅሣሥም እንደዚያው። ለክረምት ውድድር ከሆነ ሚያዝያ ላይ ጀምሩ።

ቢራ፣ ጫትና ቤቲንግ ቤት ገንዘብ ይዘው ቢመጡም ልጆች ማሊያ ላይ ቦታ የላቸውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደረት ላይ የቢራ አርማ ያየ ወላጅም ዝም አይልም። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፦ የቡድኑ ስም፣ የዕድሜ ክልል፣ የልጆቹ ብዛት፣ የውድድሩ ቀንና ሜዳ፣ የሚጠየቀው ገንዘብ፣ በምላሹ አርማው የት እንደሚቀመጥ። ከቀበሌ ወይም ከክፍለ ከተማው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ከነማኅተሙ አያይዙ። ያለማኅተም የሚመጣ ልመና ይመስላል፣ እውነቱ ይህ ነው።

ክፍያው ላይ የምንመርጠው ስፖንሰሩ ለህትመት ቤቱ በቀጥታ እንዲከፍል ነው። ሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ በስሙና በግብር ከፋይ ቁጥሩ የተቆረጠ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ያለ ደረሰኝ ወጪውን ማስታወቂያ ብሎ ማስመዝገብ ይቸግረዋል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ህትመት ቤቱን «ደረሰኝ ትቆርጣላችሁ?» በሉት። ካልቆረጠ ርካሽነቱ ለእናንተ አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ካለ በኮሚቴው ስም በተከፈተና ቢያንስ ሁለት ሰው በሚፈርምበት አካውንት ይግባ። አሰልጣኙ ምንም ታማኝ ቢሆን በግል አካውንቱ አታስገቡ፤ ሐሜቱ ለእሱም አይበጀውም።

ህትመት ቤቶቹ ግማሽ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ተገቢ ነው። እናንተ ደግሞ በምላሹ አንድ ናሙና ማሊያ ጠይቁ። ቪኒል ወይም ዲቲኤፍ ከሆነ አንድ ቀን አሳድራችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ በረኪና አይንካው፣ ካውያም ከፊት ለፊት አይረፍበት። ጠርዙን በጥፍር ሞክሩት። ከተነሳ ቀሪውን አታሳትሙ፣ ሙቀቱን አስተካክሎ ሌላ ናሙና ይሥራ። «ችግር የለም፣ ነገ ይደርሳል» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ የመረከቢያውን ቀን ከመጀመሪያው ጨዋታ አሥር ቀን ቀድማችሁ ጻፉ።