ጎንደር ያላችሁ፣ ኮምፒውተራችሁን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ጎንደር ያላችሁ፣ የቤት ኮምፒውተራችሁ አልነሳ ያላችሁ ሁሉ፣ የትም ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

የኔ ዴስክቶፕ አሮጌ ነው። እኔም አርጅቻለሁ፣ ተስማምተን እንኖራለን። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ የአባላቱ ስም፣ ወርሃዊ መዋጮው፣ ውዝፍ ያለበት፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ጋ እንዳለ ሳይቀር ያለው እሱ ላይ ነው። ክረምቱን መብራት ሄድ መለስ ሲል ከርሞ አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ጮኸና ስክሪኑ እንደጠቆረ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሲያሻው ይነሳል፣ ሲያሻው እምቢ ይላል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። የእድሩ መዝገብስ ስለው «ባክአፕ፣ ማለት ሌላ ቅጂ፣ ካልያዙ እኔ ምን ላድርግዎት!» ሌላው ቤት ደግሞ «ማዘርቦርዱ (ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያለውን ላፕቶፕ ያሻሽጠኝ ጀመር። ክዳኑን ሳይፈታ እኮ ነው! የምርመራ ብሎ ግን ተቀብሎኛል። ስማቸውን አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ባለቤቴ «ይሄን ሳጥን አውጥተህ ጣልልኝ» ማለት ጀምራ ነበር።

ኋላ አንድ ጎረቤቴ ማራኪ በሚባለው ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚሠራ ልጅ ጠቆመኝ። ልጁ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሼ፣ ውስጡ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» የሚል ነበር። አለ፣ የሰው አደራ አለበት አልኩት። «እንግዲያው እሱን እናውጣ፣ ጥገናው ይደርሳል» አለና ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ ፈቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ፣ ከፍቶ፣ «ሙሉ መሆኑን ይዩት» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። የአባላቱ ስም ከነሟቾቹ አለ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ባይጠግነውም ግድ አልነበረኝም።

ከዚያ መልሶ ገጠመውና ሲጮህ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ። «ቀኑና ሰዓቱ ይዛባል?» አለኝ። ይዛባል! ማን ነገረው? ከውስጡ ቀጭን ቁራጭ ነቀለ፣ ራም ነው መሰለኝ ያለኝ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ፈተጋቸው። ላጲሱ ጠቆረ። አቧራውን ደጅ አውጥቶ በብሩሽ ጠረገ። ሳንቲም የምታክል ባትሪም ቀየረ፣ ላይዋ ላይ 3 ቮልት ይላል። ለካ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። የቀረውን አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልሞከርኩ። ሲያበራው አንዴ ብቻ ጢጥ አለና ተነሳ። «ይቺ የጤና ናት» አለኝ እየሳቀ።

ሒሳብ ስለው የባትሪዋን ብቻ ጠራ። የእጁንስ? «ለእድር ነው አላሉም?» አለኝ። በግድ ኪሱ ከተትኩለት። እጅህ ይባረክ፣ ወልደህ ሳም!

ምክሩንም ላካፍላችሁ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ተመልሶ ረጋ እስኪል አትሰኩ። የኔው ዊንዶውስ 7 ነው፣ ማይክሮሶፍት ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ድጋፉን አቁሞለታል፣ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም ማለት ነው። ስለዚህ ለመዝገብ ይሁንዎት፣ የባንክ ነገር ግን እንዳይነኩበት ብሎኛል። መዝገቡንም በየወሩ በፍላሽ እገለብጣለሁ።

እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ፣ ሌላውንም ላኩ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ማጣት የለበትም። ስልኩን እዚህ ያላወጣሁት ስላላስፈቀድኩት ነው፣ ቦታውን ለፈለገ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ዋጋ ደግሞ አትከራከሩት፣ እሱ እንደሆነ ራሱን እየጎዳ ነው የሚጠራው።