የሰፈሩ ጠበቃ ወይስ የፌዴራሉ?

አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ትሠራላችሁ እንበል፤ ፖስታ ቤት ወይም የቬተራንስ (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታል። አለቃችሁ በትውልድ አገራችሁ ምክንያት እድገት ከለከላችሁ። ማንን ትይዛላችሁ?

ሰፈር ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጠበቃ ቅርብ ነው። አማርኛ የሚችል ከተገኘማ ሆዳችሁን ታወሩታላችሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለኢኢኦሲ (የሥራ ቦታ አድልዎን ለሚከታተለው የፌዴራል ኮሚሽን) ለማመልከት 180፣ በብዙ ግዛቶች ደግሞ 300 ቀን አለው። የፌዴራል ሠራተኛ ግን በደሉ ከደረሰ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የኢኢኦ (የእኩል የሥራ ዕድል) አማካሪ ማነጋገር አለበት። ይህን የማያውቅ ጠበቃ «ገና ጊዜ አለን» ካላችሁ ጉድ ፈላ።

የፌዴራል ጉዳይ የለመደው ጠበቃ ቀኖቹን በቃሉ ያውቃል። የአማካሪው የመጨረሻ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ መደበኛ አቤቱታ ለማስገባት ያላችሁ 15 ቀን ብቻ ነው። አቤቱታው ተመርምሮ መዝገቡ ሲመጣ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ትመርጣላችሁ፦ የኢኢኦሲ ዳኛ ይስማው ወይስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይወስን? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሩቅ ቢሆንም አያስጨንቅ፤ ኢኢኦሲ ፊት የሌላ ግዛት ጠበቃም ሊወክላችሁ ይችላል። ክፍያው ኪስ ይጎዳል። ካሸነፋችሁ ግን መሥሪያ ቤቱ የጠበቃውን ወጪ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

እኔ ብሆን ሁለተኛውን ይዤ፣ ቋንቋው ከከበደኝ አስተርጓሚ እጨምራለሁ። በመጀመሪያው ስልክ «ከ45ቱ ቀን ስንት ቀረኝ?» በሉት። ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ።